ስፓኒሽ ለማስተማር የሚሆኑ ድረ ገጾች፦ የትኛው ያዋጣል?

ኢንተርኔት ላይ ስፓኒሽ ማስተማሪያ አጣሁ የሚል ሰው ካለ አልፈለገም ማለት ነው። ሞልቶ ተርፏል። አስቸጋሪው መምረጡ ነው። ግማሹ ጌም ነው፣ ግማሹ ማስታወቂያ ነው። ከቀረው ውስጥ ደግሞ ለእኛ ለአማርኛ ተናጋሪዎች የሚመቸው ጥቂት ነው። ስለ ጥቂቶቹ ነው የምጽፈው።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ለሐበሻ ልጆችና ለወላጆቻቸው ስፓኒሽ አስተምራለሁ። ክፍያ የለውም፣ በጀትም የለውም። ያለኝ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ያረጀ ፕሮጀክተርና የሚንጫጩ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ሚዛኔ አንድ ነው፦ ይህን ነገር ይዤ ቅዳሜ ክፍል ብገባ ይሠራል ወይስ አይሠራም?

አድልዎዬን ቀድሜ ልናገር። ስፓኒሽ የተማርኩት ኩባ ነው። ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ ኢስላ ደ ላ ሁቤንቱድ ወደምትባለው የኩባ ደሴት ከተላክነው በሺዎች የምንቆጠር ኢትዮጵያውያን ልጆች አንዱ ነኝ። ግማሽ ቀን እንማራለን፣ ግማሽ ቀን ቶሮንሃ የሚባለውን ጎምዛዛ ፍሬ እንለቅማለን። ቋንቋው የገባን ከመጽሐፉ ይልቅ ከእርሻው፣ ከቤዝቦል ሜዳውና ከማታው ጭፈራ ነው። ኩባውያን ቃል መጨረሻ ላይ ያለችውን "ስ" ይውጧታል። እኔም እስከ ዛሬ እውጣታለሁ። ስለዚህ ሁሉም ሰው እንደ ማድሪድ ዜና አንባቢ የሚናገርበት ትምህርት አይጥመኝም።

ደግሞም እዚህ ማድሪድ የለም። በዋሽንግተን ዙሪያ ከሚኖሩት ስደተኞች ትልቁን ቁጥር የያዙት የኤልሳልቫዶር ሰዎች ናቸው። ሐበሻውም ብዙ ነው። ሆቴል ውስጥ፣ ፓርኪንግ ውስጥ፣ ኪችን ውስጥ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ክፍሌ ውስጥ ያሉት አዋቂዎች ፈተና ማለፍ አይደለም ፍላጎታቸው። ምሳ ሰዓት ላይ ከማሪያ ወይም ከሆሴ ጋር ማውራት ነው። ልጆቹ ደግሞ ሃይስኩል ስፓኒሽ ወስደው "ኤ" ይፈልጋሉ። ሁለቱን በአንድ ክፍል ማስተማር ቀላል አይደለም።

ከዱኦሊንጎ ልጀምር፤ ሁሉም ስልክ ላይ አለ። በነጻ ይሠራል፣ ቃል ያስይዛል፣ በየቀኑ እንድትከፍቱት ያባብላችኋል። ለልማድ ጥሩ ነው። ግን ከአማርኛ ተነስቶ ስፓኒሽ የሚያስተምር ኮርስ የለውም። የምትገቡት በእንግሊዝኛ በር ነው። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ቀላል አይደለም።

እስቲ አስቡት። እንግሊዝኛ "እኔ" የምትለዋን ቃል ካላስቀደማችሁ "እናገራለሁ" ማለት አይፈቅድም። አማርኛ ይፈቅዳል፤ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ግሡ ራሱ ይናገራል። ስፓኒሽም እንዲሁ ነው። "አብሎ" ማለት "እናገራለሁ" ነው፤ ይህን ካላችሁ በቃ፣ "እኔ" ማለት አያስፈልግም። አንተንና እርስዎን መለየትም ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። ለእኛ ሰው ምኑም አይደለም። ቱ እና ኡስቴድ የሚሉትን ሳስረዳ አንዲት እናት "ጋሼ፣ እንግዲህ አለቃዬን ኡስቴድ፣ ልጄን ቱ ነዋ!" ብላ ጨረሰችው። ድምፁም እንግዳ አይደለም። ች አለን፣ ኝ አለን፣ ር-ንም ማጥበቅ እናውቃለን። ጠረጴዛውንና ወንበሩን ሁሉ ወንድና ሴት ብሎ መክፈሉ ግን ለእኛም ሽምደዳ ነው፤ እሱን አልዋሽም። ያም ሆኖ በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ መምጣት ለሐበሻ ተማሪ ትርፍ መንገድ ነው።

ላንጉጅ ትራንስፈርም እንግሊዝኛ ይጠይቃል። 90 አጫጭር የድምፅ ትምህርቶች አሉት፣ ሁሉም ነጻ። አስተማሪው አንዲት ተማሪ ይዞ እያሳሰበ፣ ዓረፍተ ነገሩን ራሷ እንድትገነባ ያደርጋል። አያሸመድድም። እንግሊዝኛው ጥሩ ለሆነና መኪና ውስጥ ረጅም ሰዓት ለሚያሳልፍ ሰው ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ኡበር የሚነዳ አንድ ተማሪዬ በሱ ብዙ ርቀት ሄዷል። እንግሊዝኛው ደከም ላለ ሰው ግን አልመክረውም፤ ሁለት ቋንቋ በአንዴ መማር ይሆንበታል።

ድሪሚንግ ስፓኒሽ ላይ ቆም ልበል። ፓብሎ ሮማን የሚባል ስፔናዊ የጀመረው ነው። ዩቲዩብ ላይም፣ በራሱ ድረ ገጽም አለ። ሰዋስው አያስተምርም። የቃል ዝርዝር አይሰጥም። አስተማሪዋ ካሜራ ፊት ቆማ ስለ ቁርሷ፣ ስለ ውሻዋ፣ ስለ ልጅነቷ ታወራለች። እያወራች ትሥላለች፣ በእጇ ታሳያለች፣ ፊቷን ታጨማድዳለች። ምንም የማያውቀው ሰው ይገባዋል። ቪዲዮዎቹ ከፍጹም ጀማሪ እስከ ከፍተኛ በደረጃ ተለይተዋል። አስተማሪዎቹ ደግሞ የስፔን፣ የሜክሲኮ፣ የአርጀንቲና፣ የኮሎምቢያ ሰዎች ናቸው፤ ጆሮ ከመነሻው ልዩነቱን ይለምዳል። ክፍያ የሚጠይቅ ክፍል አለው፤ ለጀማሪ ነጻው ይበቃል።

ለእኔ ትልቁ ነገር ግን እንግሊዝኛ አለመኖሩ ነው። ክፍሌ ውስጥ እንግሊዝኛቸው ብዙም ያልሆነ አንድ እናት አሉ። እዚህ አገር ትምህርት የሚባል ነገር ሁሉ በእንግሊዝኛ ተጠቅልሎ ነው የሚመጣባቸው። ፎርም ቢሉ፣ የሥራ ስልጠና ቢሉ፣ የመንጃ ፈቃድ ቢሉ፣ ልጃቸው ካላስተረጎመላቸው አይሆንም። እነዚህ ቪዲዮዎች ፊት ግን ከልጃቸው እኩል ተቀመጡ። እንዲያውም ሴትዮዋ ስለ አማቷ የምታወራበት ቪዲዮ ላይ ቀድመውት ሳቁ። ልጁ "ምን አለች?" ብሎ እናቱን ጠየቀ። ተርጓሚው ሲጠይቅ ያየሁት ያኔ ነው።

ጉድለት አለው። ዘዴው እስከ 1500 ሰዓት ማዳመጥን እንደ ግብ ያስቀምጣል፣ ለመናገርም አትቸኩሉ ይላል። ሰኞ ጠዋት ሆቴል ገብቶ ክፍል ለሚያከፋፍል ሰው ይህ ቅንጦት ነው። ስለዚህ እኔ ምክሩን ግማሹን ብቻ እወስዳለሁ። አጭር ቪዲዮ እናያለን፣ ከዚያ እስክሪኑን አጥፍቼ "ምን በላች? ማን መጣ?" እያልኩ አስወራቸዋለሁ። ይሳሳታሉ፤ ይሳሳቱ።

አሁን ወደ ትልቁ ጎተራ ልግባ። ኢንስቲቱቶ ሰርባንቴስ የሚባለውን የስፓኒሽ ቋንቋና ባህል ተቋም የስፔን መንግሥት በ1991 እ.ኤ.አ. ነው ያቋቋመው። ሴንትሮ ቢርቱዋል ሰርባንቴስ የሚባል ድረ ገጽ አለው። ሲያዩት ያረጀ ነው። ቀለሙ፣ ጽሑፉ፣ አቀማመጡ ሁሉ የድሮ ነው። ስልክ ላይ ደግሞ አይመችም፣ በኮምፒውተር ክፈቱት። ልጆቹ መጀመሪያ ሲያዩት "ጋሼ ይሄ ቫይረስ የለበትም?" አሉኝ። ግን ውስጡ ያለው ሀብት ሌላ ነው።

ለአስተማሪ መጀመሪያ የምመክረው ፕላን ኩሪኩላር የሚሉትን ነው። በ2006 የወጣ የትምህርት ዕቅድ ሲሆን ሙሉው በነጻ ይነበባል። ከኤ1 (ከጀማሪ) እስከ ሲ2 (እስከ ከፍተኛው) ድረስ በየደረጃው ምን ሰዋስው፣ ምን ቃል፣ ምን ድምፅ እንደሚማሩ ይዘረዝራል። ይህን ሌሎችም ያደርጉታል። የሱ ልዩነት ስለ ኑሮ የሚያወራ ክፍል መያዙ ነው። ሰው ቤት ስትጠሩ ምን ይዛችሁ ትሄዳላችሁ? ስንት ሰዓት ላይ መድረስ ነውር አይሆንም? ሰላምታው መሳም ነው ወይስ መጨበጥ? እንዲህ ያለውን ነገር ዘርዝሮ እንደ ትምህርት ያስቀምጣል። የእኛ ሰው ይህን ክፍል ይወደዋል። "ባዶ እጅ አይኬድም" የሚለውን ማስረዳት አያስፈልገኝም። አንድ ነገር ግን እወቁ፦ መነሻው በዋናነት የስፔን አነጋገርና ኑሮ ነው። ላቲን አሜሪካ ይጠቀሳል፤ እኩል ቦታ ግን የለውም።

ይህን ጉድለት የሚሞላው እዚያው ድረ ገጽ ላይ ያለው ካታሎጎ ደ ቦሰስ ኢስፓኒካስ ነው። ከስፔንም ከላቲን አሜሪካም ከተለያየ ከተማ የመጡ ሰዎች ሲናገሩ የተቀረጸ ነው። የሚሉት በጽሑፍ አለ፣ ምኑ ከሌላው እንደሚለይም ማብራሪያ አለው። የካሪቢያኖቹን ስከፍት ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። "እርስዎን ይመስላሉ!" ይሉኛል። የማዋረድ ይሁን የማክበር እስካሁን አልገባኝም።

ሬፍራኔሮ ሙልቲሊንግዌ የሚባል የምሳሌያዊ አነጋገር ስብስብም አላቸው። አንድ የስፓኒሽ ምሳሌ አንብበን የአማርኛውን ከራሳችን እንሞላለን። ሽማግሌዎቹ ልጆቹን የሚበልጡበት ሰዓት ይህ ብቻ ስለሆነ ቶሎ አያልቅም። ሌክቱራስ ፓሶ አ ፓሶ ደግሞ በሦስት ደረጃ የተዘጋጁ ንባቦች ከነመልመጃቸው ነው። ይጠቅማል፤ ሕይወት ግን ይጎድለዋል። ሌላ ነገር ባላዘጋጀሁበት ቅዳሜ እጠቀምበታለሁ።

ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ ኦስቲን የሚገኘው፣ ሁለት ነገር በነጻ አስቀምጧል። አንደኛው ስፓኒሽ ፕሮፊሸንሲ ኤክሰርሳይዝስ ነው። አንድ ጥያቄ ይወስድና፣ ለምሳሌ ቤተሰብን መግለጽ፣ የተለያየ አገር ሰዎች በቪዲዮ ይመልሱታል። እስክሪፕት የለም፣ ተዋናይ የለም። ይደናቀፋሉ፣ "እእእ" ይላሉ፣ ሐሳብ ይቀይራሉ። ለተማሪ እንዲህ ያለ ነገር ወርቅ ነው፤ ሥራ ቦታ የሚጠብቀው እንዲህ ያለ ንግግር ነዋ። ሁለተኛው ስፒንቲኤክስ ነው፤ ቴክሳስ ውስጥ በሁለት ቋንቋ ያደጉ ሰዎች ቃለ መጠይቅ ስብስብ። ስፓኒሹን ከእንግሊዝኛ ጋር ይቀላቅሉታል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው በራ። እነሱም ቤታቸው አማርኛና እንግሊዝኛ እየቀላቀሉ ነው የሚያወሩት፣ በዚህም ሁሌ ይወቀሳሉ። የቅልቅሉ ነገር የእነሱ ብቻ አለመሆኑን ማየት ቀላል ማጽናኛ አይደለም።

መዝገበ ቃላት ላይ ብዙ አልቆይም። ትርጉም ፈልጋችሁ ከሆነ ወርድሬፈረንስ ይበቃል። የበለጠ ለሚፈልግ ደግሞ በ1713 የተቋቋመው የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚ መዝገበ ቃላቱን በነጻ ከፍቷል። ለእኛ አካባቢ የሚጠቅም አንድ ነገር አለው፦ የግስ ርባታ ሰንጠረዡ ከቱ ጎን ቦስን ያስቀምጣል። የኤልሳልቫዶር ሰው ለጓደኛው የሚለው ቦስ ነው። ብዙ አፖች ግን ቦስ የሚባል ነገር በዓለም ያለ አይመስላቸውም። ተማሪዬ ወራት ተምሮ ሥራ ቦታ ሄዶ "ቦስ ሳቤስ" (አንተ ታውቃለህ) ሲባል አፉን ከፍቶ የሚቀርበት ምክንያት ይህ ነው።

ስለ ባህሉ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እናደዳለሁ። "ሂስፓኒክ ባህል" የሚል ገጽ ስትከፍቱ የምታገኙት ባርኔጣ፣ ታኮ፣ ፒኛታና ሲንኮ ደ ማዮ የሚባለው በዓል ነው። ሃያ ምናምን አገር፣ ወደ 500 ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው፣ በአንድ ባርኔጣ ስር! ሲንኮ ደ ማዮ ራሱ ሜክሲኮ ውስጥ ከፑዌብላ ከተማ ውጭ ያን ያህል አይደምቅም፤ ያገነነው አሜሪካ ነው። ታሪኩን ከነገራችኋቸው ግን ሐበሻ ልጅ ይይዘዋል። በ1862 ሜክሲኮዎች የፈረንሳይን ጦር ፑዌብላ ላይ አሸነፉ ስል "እንደ ዓድዋ!" አሉኝ። ፈረንሳዮቹ በዓመቱ ተመልሰው መጥተው ሜክሲኮ ሲቲን ያዙ ስላቸው ደግሞ አኮረፉ።

አንድ ቀን አንዲት ልጅ "ጥቁር ሰው ስፓኒሽ ይናገራል እንዴ?" ብላ ጠየቀችኝ። ከእርስዎ ሌላ ማለቷ ነው። ኩባ ላደገ ሰው ይህ ጥያቄ ጉድ ነው። ግን ጥፋቱ የሷ አይደለም፣ የምታያቸው ማስተማሪያዎች ያሳዩዋት ያንን ነው። ከዚያ ወዲህ የዩኔስኮን የማይዳሰሱ ቅርሶች ድረ ገጽ ዋና የባህል መጽሐፌ አድርጌዋለሁ። ለቋንቋ ትምህርት የተሠራ አይደለም፤ ለዚያ ነው የወደድኩት። እያንዳንዱ ቅርስ በስፓኒሽ አጭር መግለጫ አለው፣ ፎቶ አለው፣ አብዛኛውን ጊዜም አጭር ቪዲዮ አለው። ኮሎምቢያ ውስጥ ከባርነት ያመለጡ ሰዎች የመሠረቱት ሳን ባሲሊዮ ደ ፓሌንኬ እዚያ አለ። ጋሪፉና የሚባሉት የሆንዱራስና የጓቴማላ ጥቁር ሕዝቦች አሉ። በ2016 የተመዘገበው የኩባ ሩምባ አለ፤ እሱን ስከፍት ትምህርቱ ይቋረጣል፣ መቼስ ምን ይደረግ።

እዚያው ድረ ገጽ ላይ በ2013 የተመዘገበው መስቀል፣ በ2019 የተመዘገበው ጥምቀትም አሉ። በስፓኒሽ! ለጀማሪ ተማሪ ይህን ነው የምሰጠው። ታቦቱን ያውቁታል፣ ውሃውን ያውቁታል፣ ነጭ ልብሱን ያውቁታል። ቃሉ እንግዳ ቢሆንም ነገሩ እንግዳ ስላልሆነ እየገመቱ ያነባሉ። ቀጥለን የሜክሲኮን የሙታን ቀን እንከፍታለን። አንዱ ልጅ መቃብር ላይ ምግብ መውሰዱ አስደነገጠው። እናቱ ግን "ተዝካር አታውቅም እንዴ?" አለችው። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ ሆኖም ከዚያ በኋላ የተነሳው ክርክር ግማሹ በስፓኒሽ ነበር፣ እኔም አላቆምኳቸውም።

በቅርባችን ያለ ሌላ ሀብት አለ፦ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት የፓላብራ መዝገብ። ከ1943 ጀምሮ የላቲን አሜሪካና የስፔን ደራሲዎችን ድምፅ ሲቀርጽ ኖሯል፣ ብዙው አሁን ኢንተርኔት ላይ ይደመጣል። ኔሩዳ፣ ጋብሪኤላ ሚስትራል፣ ጋርሲያ ማርኬስ በገዛ ድምፃቸው ያነባሉ። ለጀማሪ አይሆንም። የኔሩዳ ዜማ የሚጎተት ነው፤ ከልጆቹ አንዱ "ቄስ ነው?" አለኝ። ግን ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ላሉት ግጥም በደራሲው አፍ መስማት ምትክ የለውም።

ስለ ኩባ ለሚፈልግ ኤኩሬድ የሚባል የኩባ ኢንሳይክሎፒዲያ አለ። ስለ ሙዚቃው፣ ስለ ቤዝቦሉ፣ ስለ ትንንሾቹ ከተሞች ሌላ ቦታ የማይገኝ ዝርዝር አለው። ፖለቲካ ሲነካ የምትሰሙት የመንግሥትን ድምፅ ነው። በደርግ ሬዲዮ ያደግን ሰዎች ቃናውን ወዲያው እንለየዋለን። ልጆቹን ግን ቀድሜ አስጠነቅቃለሁ።

ከመካከለኛ ደረጃ በላይ ላሉት ራዲዮ አምቡላንቴን አትለፉት። ከመላው ላቲን አሜሪካ የእውነት ታሪኮችን ይዞ የሚቀርብ ፖድካስት ነው። ሙሉ ጽሑፉ ድረ ገጹ ላይ ስላለ እያነበባችሁ መስማት ትችላላችሁ። ፈጣን ነው። የሚከብዳችሁ ከሆነ በዱኦሊንጎ የስፓኒሽ ፖድካስት ጀምሩ፤ ተናጋሪው ቀስ ይላል፣ መሐል ላይ አቅራቢዋ በእንግሊዝኛ ታስረዳለች።

በክፍያ ስለሚሠሩት አንድ ነገር ብቻ ልበል። ስሙን የማልጠራው አንድ አፕ "ሰባት ቀን ነጻ" ብሎኝ ገባሁ። ስምንተኛው ቀን የዓመቱን ሙሉ ክፍያ ከካርዴ ላይ ወሰደ። ለማስመለስ የጻፍኩት ኢሜይል ብዛት! ገንዘብ ማውጣት ካለባችሁ በቪዲዮ ለአንድ ሰዓት ለሚያስተምር ሰው ክፈሉ። ከኤልሳልቫዶር ከተሞች፣ ከሳን ሳልቫዶር ወይም ከሳንታ አና የሆነ መምህር ፈልጉ፤ ቦስ እያለ ያናግራችሁ። ከመጀመሪያው ክፍል በፊትም የምትሠሩበትን ቦታ ንገሩት። "ሆቴል ጽዳት ላይ ነኝ፣ አንሶላና ፎጣ መቁጠር ነው ሥራዬ" በሉት፤ ከፖምና ከሙዝ ስም ይልቅ በዚያ ይጀምርላችኋል።